ፖለቲካና ኮረንቲ

«ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ ነው፣ ወንድሜ!»

ይኸን ያለኝ አብሮኝ የሚኖር ተማሪ ነው። ሰዓቱ ከምሽቱ አምስት፤ እሱ ላይኛው አልጋ ላይ ተጋድሞ፣ ከአናቱ በላይ በተንጠለጠለችው አምፑል ብርሃን የነገውን ፈተና ያጠናል። ኮረንቲን በሩቁ የሚል ሰው አፍንጫው ሥር ኮረንቲ አብርቶ ያነባል! ሳቅሁ። እሱም ሳቀ፤ በምን እንደ ሳቅሁ ግን የገባው አልመሰለኝም። ጥቂት ቆይቶ መብራቱ ድርግም አለ። (ወሬ ለማሳመር ያስገባሁት እንዳይመስላችሁ፤ በሳምንት ስንት ጊዜ በጨለማ እንደምናድር ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች መካከል የማያውቅ የለም።) ከላይ ከጨለማው ውስጥ «እነዚህ ሰዎች ግን ምን ሆነዋል?» የሚል ድምፅ መጣ። «የትኞቹ ሰዎች?» ብዬ ጠየቅሁ። መልስ የለም። ተገላብጦ ተኛ።

ይኸ ጽሑፍ ለእሱ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራው የግማሻችሁን ስም የጠራሁ ይመስለኛልና።

ለመሆኑ ይኸ አባባል ከየት መጣ? እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ከእናቴ ነው፤ እሷም ከእናቷ። አያቴ በ1970 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ልጆች ታሳድግ ነበር። በ1969 እና በ1970፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ጠዋት ከቤቱ የወጣ ሰው በየመንገዱ ዳር የወጣት አስከሬን ያገኝ ነበር፤ ላዩ ላይ ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎበት። ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ነበር። የልጃቸውን ሬሳ ሊቀበሉ የሄዱ ወላጆች የጥይቱን ዋጋ ክፈሉ ይባሉ ነበር። መስቀል አደባባይ ጥግ በ2002 የተከፈተው የሰማዕታቱ መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ የገባ ሰው የብዙዎቹን ፎቶግራፍ አይቷል፤ አብዛኞቹ በኛ ዕድሜ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ከኛ ያንሳሉ።

እንግዲህ በዚያ ዘመን ልጅ ያሳደገች ሴት ፖለቲካን ከኮረንቲ ጋር ብታመሳስል አልፈርድባትም። የነካው ሲሞት በዓይኗ አይታለች። ቃሉ ለእሷ ቁስል ነበር። ለኛ ግን ትራስ ሆነ።

የምንፈራው ነገር የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ፣ ወደ እሱ እመጣለሁ። ነገር ግን እኛ ፍርሃታችንን ከስንፍናችን ጋር ቀላቅለን፣ በአያቶቻችን ሐዘን ጠቅልለን፣ ላዩ ላይ «ጥበብ» ብለን ጻፍንበት። እኔ የተነሣሁት በዚህ ስም ላይ ነው።

ቋንቋችንም በዚህ ረገድ አላገዘንም። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝና ይኸን ማለት ይከብደኛል። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ከነገሩ ጦም እደሩ። ቀን እስኪያልፍ ያባትህ ባሪያ ይግዛህ። እስቲ አከታትላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው፤ የዝምታ ትምህርት ቤት ሙሉ ሥርዓተ ትምህርት ነው። የመጀመሪያው ሥልጣን እንደ ሰማይ የማይነካ ነው ይልሃል፤ ሁለተኛው ከማይነካው ነገር ርቀህ፣ ተርበህም ቢሆን እደር ይልሃል፤ ሦስተኛው ቀንህ እስኪመጣ ተገዛ ይልሃል። ይኸ ሦስተኛው በተለይ ያስገርመኛል። ልብ በሉ፣ ተናጋሪው የሚያፍረው በመገዛቱ አይደለም፤ በገዢው ዘር ነው። «ጨዋ» ቢገዛው ኖሮ ቅሬታም አይኖረው! ይኸን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ያው ቋንቋ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚልም አለው። እሱን ግን የምናወጣው ለእግር ኳስ ቡድናችንና ለሠርግ መዋጮ ነው።

«እኔ የመጣሁት ልማር ነው» የሚለውን ቶሎ ልለፈው። ይኸ ልጅ በታሪክ ፈተና ላይ «የ1966ቱን አብዮት መንሥኤዎች ዘርዝር» ሲባል አምስት ቆጥሮ አምስት ነጥብ ያገኛል። ከአምስቱ አንዱ «የተማሪዎች እንቅስቃሴ» ነው፤ በቃሉ ያውቀዋል። በሕንፃችን ውኃ ለምን እንደ ጠፋ ማንን እንደሚጠይቅ ግን አያውቅም፤ ሊያውቅም አይፈልግም። ይኸ መማር ከተባለ ኩረጃን ምን ልንለው ነው?

«ሁሉም ያው ናቸው፤ የሚመጣውም ይበላል» ባዩ ደግሞ ራሱን እንደ ፈላስፋ ይቆጥራል። በካፌው ወረፋ ላይ ቆሞ ይኸን ሲናገር ከንፈሩን ወደ አንድ ጎን ያጣምማል። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቀው፦ «ምን አገባኝ» ሲል የኖረን ሰው ሹመት ጠርቶት «እምቢ» ሲል አይተሃል? እኔ አላየሁም። በአራተኛው ዓመት መጨረሻ የአባልነት ፎርም ሲዞር መጀመሪያ የሚሞላው ማን እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት እየሳቀ የሚጠቅሰው ያው ፈላስፋ ነው፤ የሳቀውም በሌላው ሰው ላይ አልነበረም። ግዴለሹ ከሥልጣን ውጭ የቆመ ሰው ይመስለናል። አይደለም፤ ወረፋ የያዘ ሰው ነው።

የቀረው ከባዱ ነው። «ያ ትውልድ ተቃወመ፤ ምን አተረፈ?» ይኸን የሚለኝ ጓደኛዬ ሰነፍ አይደለም፤ አንብቧል፤ አያቱም ወንድማቸውን በዚያ ዘመን አጥተዋል። ስለዚህ ከባድ መሆኑን አምኜ ልጀምር።

በየካቲት 1957 ተማሪው «መሬት ላራሹ» እያለ ወደ ፓርላማው ወጣ። በ1958 የከተማው ድኾችና ለማኞች ታፍሰው ሾላ በተባለው ሥፍራ ሲታጎሩ «ድህነት ወንጀል ነውን?» ብሎ ጠየቀ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ፤ በማግሥቱ አስከሬኑን ከበው በስድስት ኪሎ ግቢ በተሰበሰቡት ላይ ክቡር ዘበኛ ተኮሰ። «ከዚያስ?» ይላል ጓደኛዬ። «ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ ወጣ። መሬቱ የካቲት 25 ቀን 1967 ታወጀ፤ ጥያቄውን ያነሡት ልጆች ግን ሁለት ዓመት ሳይቆዩ በየቀበሌው እስር ቤት ታጎሩ። አንድ ክፍል የተማሩ፣ አንድ መጽሐፍ እየተዋዋሱ ያነበቡ ልጆች ኢሕአፓና መኢሶን ተባብለው ተገዳደሉ። ባይቃወሙስ ኖሮ?»

ያ ትውልድ ተሳስቷል? አዎ፣ ተሳስቷል፤ በደም ተሳስቷል። የተሳሳተው ግን በመቃወሙ አይደለም። ራሱን የሚቃወመውን መታገሥ ስላቃተው ነው። ንጉሡን «ለምን?» ያለ ልጅ ጓዱ «ለምን?» ሲለው «ወላዋይ» አለው፤ ሲደግምለት «አድኃሪ» አለው፤ ሦስተኛ ጊዜ ቃል አልቆበት መሣሪያ አነሣ። ከቤተ መንግሥቱ ጋር ተጣልቶ ቤተ መንግሥቱን ሳይወስድ ጠባዩን ወሰደ። እንዴት አይወስድ? በዚህ አገር ያየው የክርክር አፈጻጸም አንድ ብቻ ነበር፤ አሸናፊው ይነግሣል፣ ተሸናፊው ይታሠራል ወይም ይሞታል። ታዲያ ከዚህ ሁሉ ጥፋት «አትቃወም» የሚለውን ትምህርት ካወጣን ነገሩን ገልብጠን ያዝነው ማለት ነው። የጎደላቸው ያው መቃወም ነበር፤ ማለቴ፣ ሳይገድሉና ሳይሞቱ የመቃወም ልማድ። ልማድ ደግሞ በአንድ ሌሊት አይገኝም፤ በዝምታም አይገኝም።

«ባይቃወሙስ ኖሮ?» ለሚለው ግን ግምት ውስጥ መግባት አያስፈልገንም። ግቢው ያልተቃወመበትን ዘመን አይተነዋል። ሁለት ረኀቦችን ጎን ለጎን ላስቀምጥ።

የመጀመሪያው የወሎው ነው፤ 1965። ዝናቡ ቀርቶ ነበር። እህል ግን ከአገሩ አልጠፋም። አማርትያ ሴን የተባለው የኢኮኖሚ ሊቅ በኋላ እንዳሳየው በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ጠቅላላ የእህል ምርት ያን ያህል አላሽቆለቆለም፤ በደሴ ገበያም ዋጋው እምብዛም አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ እህል ተጭኖ ይወጣ ነበር። ገበሬው ከብቱ አለቀ፣ እርሻው ከሸፈ፣ የሚገዛበት አጣ። እህል ባለበት ገበያ አጠገብ ሰው በረኀብ ሞተ። ከእህሉ ይልቅ የጠፋው ወሬው ነበር። ባለሥልጣኖች ያውቁ ነበር፤ ያወቁት እንዳይሰማ ተደረገ። ወደ ዋና ከተማው በእግሩ የመጣው ረኀብተኛ ከመንገድ ይመለስ ነበር።

ታዲያ በዚያው ዓመት ከዩኒቨርሲቲው መምህራን፣ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምን ጨምሮ፣ ወሎ ድረስ ወርደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው መጡ። ፎቶግራፎቹ በግቢው ውስጥ ተሰቀሉ። ተማሪው አየ፤ ያየውን ተናገረ፤ ወሬው አጥሩን ዘሎ ወጣ። ጥቅምት 1966 ላይ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው ጋዜጠኛ የሠራው ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ተቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ በነጋታው ንጉሡ ወረዱ። በዚያች ማታ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ያላለቀሰ፣ ያልተራገመ የለም ይባላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ከጅቡ ፊት የጮኹት ፎቶግራፍ የሰቀሉት ናቸው። ዘግይተው ነበር፣ አዎ። የሟቹ ግምት ከ40,000 ጀምሮ እስከ 200,000 ይደርሳል። ግን ጮኹ።

አሁን አሥር ዓመት እንለፍ። መስከረም 2 ቀን 1977 የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ነው። ኢሠፓ በዚያው ሰሞን ተመሥርቷል። አዲስ አበባ ቀይ ጨርቅ ለብሳለች፤ በየአደባባዩ ቅስት ቆሟል፤ ሰልፍ ይጠናል። በዚያው ሰሞን በኮረምና በመቀሌ ሰው በየቀኑ በመጠለያ ውስጥ ይሞታል። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን አደጋው እየመጣ መሆኑን ከበዓሉ ወራት ቀደም ብሎ ለለጋሾች አሳውቆ ነበር። የበዓሉ ባለቤቶች ግን ድግሱ እስኪያልፍ የውጭ ጋዜጠኛ ወደ ሰሜን እንዳይወጣ ከለከሉ። ዓለም ያየው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ነው፤ መሐመድ አሚን የቀረጸው፣ ማይክል ቤርክ የተረከው ፊልም በቢቢሲ ሲታይ። የሟቹ ግምት ከ400,000 እስከ 1,000,000 ነው።

በ1977 በስድስት ኪሎ ግቢ ፎቶግራፍ አልተሰቀለም። ሊሰቀልም አይችልም ነበር። ነጻ የተማሪ ማኅበር የለም፤ የተማሪ ጋዜጣ የለም። ወሎ ወርዶ ሊያይ የሚችለው ተማሪ ከሰባት ዓመት በፊት ተቀብሯል፤ ያልተቀበረው ሱዳን ወይም አሜሪካ ገብቷል፤ የቀረው በእናቱ ቃል «በሩቁ» ተብሎ አድጎ ፈተናውን ያጠናል። ከረኀቡ ጋር የተገናኘው ከወራት በኋላ ታዝዞ ለሠፈራ ጣቢያ ጎጆ ሊሠራ በተላከ ጊዜ ነው።

ልዩነቱን ዝምታ ብቻ ፈጠረው አልልም። በሁለተኛው ጊዜ ጦርነት ነበር፤ ድርቁም ሰፊ ነበር። ነገር ግን ልብ በሉልኝ፦ ቤተ መንግሥቱ በሁለቱም ጊዜ ያንኑ ነው ያደረገው፤ ደበቀ፣ ደገሠ። ዘውዱም ሆነ መዶሻና ማጭዱ አንድ ዓይነት መጋረጃ ነበራቸው። በመካከሉ የተለወጠው ግቢው ነው።

«በሩቁ» ያልነው ኮረንቲ እንግዲህ ይኸ ነው፣ ወንድሜ። አንተ ብትርቀውም ሽቦው ያለፈበት ቤት አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፍ፤ ብዙዎቻችሁ ከኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። በ1985 ሰልፍ የወጣ ተማሪ ተተኮሰበት፤ በዚያው ዓመት ከ40 በላይ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ተባረሩ። በሚያዝያ 1993 ተማሪው የጠየቀው ምን ነበር? ጋዜጣችን ይታተም፣ ማኅበራችን ነጻ ይሁን፣ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣ። ዙፋን አልጠየቀም። ለዚህች ጥያቄ በከተማው በአሥር የሚቆጠር ሰው ሞተ፤ ብዙ ተማሪም ወደ ኬንያ ተሰደደ። ከ1997 ምርጫ በኋላ የተገደለውን ሲቪል አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ብሎ ቆጠረው። ከ2006 እስከ 2010 ድረስ ወጣቱ እንደገና ወጣ፤ በ2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ተለወጠ። በ2013 ደግሞ ጦርነት።

«አየህ?» ይላል ጓደኛዬ።

አየሁ። ከጦርነቱ በፊት፣ በ2012 በየዩኒቨርሲቲው የሆነውንም አየሁ፤ ተማሪ ተማሪን ገደለ። በየትኛው ቋንቋ እናቱ ታጫውተው እንደ ነበር ተጠይቆ የተደበደበ ተማሪ ነበር። በዚያ ሌሊት ዱላ ካነሡት መካከል ትናንት «ፖለቲካ አልወድም» ይሉ የነበሩ አልነበሩም? ነበሩ እንጂ! አሁን ያንን ተረት መልሱልኝ፤ «ያባትህ ባሪያ ይግዛህ» የሚለውን። መገዛትን ሳይሆን የገዢውን ዘር መጥላት የለመደ ሰው ሥልጣንን አይጠይቅም፤ የጎረቤቱን የትውልድ መንደር ይጠይቃል። ማኅበር በሌለበት፣ ክርክር በሌለበት፣ ጋዜጣ በሌለበት ግቢ አንድ ሺህ ወጣት ብታጎር ከደም ሌላ የሚሰባሰብበት ምን ተውክለት? ግዴለሽነት ጸጥታ ይመስላል እንጂ ጸጥታ አይደለም። ክብሪት ያልነካው ጭድ ነው።

በዚህ ላይ የሩቅ ጀግኖቻችንን አልረሳኋቸውም። ማታ ማታ በስልካቸው መንግሥት ሲገለብጡ ያድሩና ጠዋት ክፍል ውስጥ መምህሩ ለምን ውጤት እንዳዘገየ ለመጠየቅ እጃቸውን አያወጡም። ስለ እነሱ ብዙ ገጽ ማጥፋት አልፈልግም፤ አዘጋጆቹም ስቴንስል ተወድዷል ብለውኛል።

አሁን ቃል የገባሁትን ፍርሃት ልናገር።

ባለፈው ዓመት ከኛ ክፍል አንድ ልጅ ሌሊት ተወሰደ። የወሰዱት ማን እንደ ሆኑ አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ስምንት ነበርን፣ ሰባት ቀረን። ጠዋት ብርድ ልብሱ ከአልጋው ተንሸራቶ መሬት ነክቶ ነበር፤ አንዳችን አንሥቶ አጠፈውና ትራሱ ላይ አኖረው። ቁርስ ሄድን። ወረፋው ላይ ስለ እንግሊዝ ኳስ አወራን። ጮክ ብሎ ሲያወራ የነበረው እኔ ነኝ፤ አስታውሳለሁ፤ ስለ ፍጹም ቅጣት ምት ነበር።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ተመለሰ። ከስቶ ነበር፤ ጫማውም ሌላ ነበር። «እንኳን ደኅና መጣህ» አልነው፣ ከዕረፍት እንደ ተመለሰ ሰው። «እንኳን ደኅና ቆያችሁኝ» አለ። የት ነበርክ ያለው የለም። በሳምንቱ ክፍል ቀየረ። አሁን መንገድ ላይ ስንገናኝ በደንብ ሰላም ይለኛል፤ ቂም የያዘ አይመስልም፤ ይኸው ነው እኮ የሚያስጨንቀኝ። ከኛ ምንም አልጠበቀም ነበር።

የወሰዱት ሰዎች ምን እንደ ጠየቁት አላውቅም። ማታ ማታ የሚመጣብኝ ግን እነሱ የጠየቁት ሳይሆን እኛ ያልጠየቅነው ነው። ሰባት ሆነን አንድ ቢሮ በር ላይ ቆመን «ጓደኛችን የት ነው?» ብንል ምን ይደረግ ነበር? ምናልባት ይቆጡን ነበር። ምናልባት ስማችንን ይመዘግቡ ነበር። ምናልባትም አንድ ሰው ስልክ አንሥቶ ሌላ ሰው ይጠይቅ ነበር፤ ልጁም በአሥራ ዘጠኝ ቀን ፈንታ በአሥር ቀን ይመጣ ነበር። ሰባት ሆነን ነው ያልሁት። ለብቻዬማ እፈራለሁ፤ ያኔም ፈርቻለሁ፤ አሁን ይኸን ስጽፍም እፈራለሁ። ጀግና ነኝ ብሎ የተነሣ ጸሐፊ አታድርጉኝ። ማኅበር የሚያስፈልገው ለጀግና አይደለም፤ ጀግናማ ብቻውን ይወጣል፣ ብቻውን ይሞታል፤ በስሙም መንገድ ይሰየምለታል። ማኅበር የሚያስፈልገው እንደ እኔ ላለው ፈሪ ነው።

«መቃወም» ሲባል ጓደኛዬን የሚታየው ጠብመንጃ፣ ድንጋይ፣ የሚቃጠል ጎማ ነው። ያ ስለሚታየው ይፈራል፤ ስለሚፈራም ይተኛል። እኔ የምለው ከዚያ በፊት ያለውን ብዙ ነገር ነው፤ ስም አስፍሮ መጠየቅን፣ «በየትኛው ደንብ?» ማለትን፣ የተባረረ መምህር ክፍል ባዶ ሲሆን ለምን ባዶ እንደ ሆነ በጽሑፍ ማቅረብን፣ ስብሰባ ላይ ሁሉ እጁን ሲያወጣ አለማውጣትን። (ይኸን የመጨረሻውን የሞከረ ሰው እጅ አለማውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል።) ከሥልጣን ጋር ይኸ ምን ያገናኘዋል የሚል ካለ፣ ሥልጣን የሚያርፈው ሚኒስቴር ላይ ብቻ የሚመስለው ሰው ነው። እኔ እስካሁን ሚኒስትር አግኝቼ አላውቅም። ያገኘሁት ዝም በሉ የሚለውን ትእዛዝ ከላይ ተቀብሎ ወደ ታች የሚያቀብል ሰው ነው፤ የሚያቀብልበትም አንዱ መንገድ የኛው የተማሪ ኅብረት ሆኗል። ኅብረቱ የኛን ጥያቄ ወደ ላይ ሲያደርስ አላየሁም፤ የላዩን ማስታወቂያ ወደ ታች ሲለጥፍ ግን በየሳምንቱ አያለሁ። ይኸም የሆነው ማንም ቀምቶን አይደለም። ምርጫ ሲደረግ አንድ ቦታ ለአንድ ተወዳዳሪ እየሆነ፣ እኛም ድምፅ ለመስጠት ከአልጋ መውረድ እየከበደን ነው።

የዘንድሮው የዕጩዎች ወረቀት ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ተለጥፏል፤ ስክሪፕቶውም በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል። ለዘጠኝ ቦታ ሁለት ስም አለ። አንደኛው ባለፈውም ዓመት፣ ካቻምናም የነበረው ነው። ሁለተኛው ከሰኞ ጀምሮ የኔ ነው። ማክሰኞ ማታ ከኔ ሥር ሦስተኛ ስም ተጽፎ ነበር፤ ረቡዕ ጠዋት ሳልፍ ተሠርዞ አገኘሁት። ማን እንደ ሠረዘው አላውቅም፤ ምናልባት ራሱ ይሆናል። ቀለሙ ግን ስስ ነው፤ ከሥሩ ያለው ይነበባል፤ ጽሕፈቱንም አውቀዋለሁ፤ ከላይኛው አልጋ ነው። አላነሣሁበትም። መብራቱም በዚያ ምሽት አልጠፋም፤ ሁለታችንም እስከ ስድስት ሰዓት አነበብን።

ወረቀቱ ዓርብ ከቀኑ በ11 ሰዓት ይነሣል።